ሁለተኛውን ገጽ ማንም አልጠየቀም

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

በአማርኛ የምጽፈው ታናሽ ወንድሜ ኸሊል ፊደል ስለማይለይ ነው። ከቁልፍ ይሻላል።

ዛሬ ምንም የለም። ትምህርት ቤት፣ አውቶቡስ፣ ከዚያ ብሌንደን ሰፈር ያለው የሐበሻ ኮሚኒቲያችን አዳራሽ። ሐሙስ ሐሙስ ሚስ ታልያ ለእኛ ለሴቶቹ ንግግር ታስተምራለች፣ በነፃ። ኮቷን በሩ ጀርባ ትሰቅላለች፣ ፒዛውን ትከፍታለች፣ "ማን ይጀምራል?" ትላለች። ሌሎቹ ፔፐሮኒ፣ እኔና እሷ ቺዝ። እኔ ሙስሊም፣ እሷ አይሁዳዊት። "የአሳማ ተቃዋሚዎች ማኅበር" ብላናለች። አባላት፦ ሁለት።

ጋሼ ጀማነህ ስልካቸው ተቆልፎባቸው መጡ። የኮሚኒቲው ሰብሳቢ ናቸው። ዓለምን ማን እንደሚገዛ ከዩቲዩብ አጣርተው ያውቃሉ። የስልካቸውን ፓስወርድ ግን የማውቅላቸው እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ሰምሀል ተመረጠች።

ሰምሀል! የሴቶቹን ክፍል ልርዳ ያለው የሚስተር ዊትሎክ ፋውንዴሽን ዳውንታውን ሆቴል ውስጥ እራት አለው። ሀብታም የተባለ ሁሉ ይመጣል። ከእኛ አንዲት ልጅ ትናገራለች። የሁላችንንም ቪዲዮ አይተው እሷን...

እኔ እሻላለሁ። እሷ "እምም" ሳትል ሦስት ቃል አትጨርስም። ግን ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ሲያዩዋት ታሳዝናለች። የእኔ ፊት ሁልጊዜ የሆነ ነገር የሰረቅኩ ይመስላል።

"እንኳን ደስ አለሽ" ብዬ ቴክስት አደረግኩላት። ከሦስት ልብ ጋር። ሦስቱም ውሸት።

አባቷ ጋሼ ከተማ ደግሞ... እናቷ ማታ ማታ ስለምትሠራ ጸጉሯን የሚሠሩላት እሳቸው ናቸው። ከቪዲዮ ተምረው። ይኼም ያስቀናል? ያስቀናል።

እሁድ፣ ኖቬምበር 9

ስብሰባ። ከፋውንዴሽኑ ደብዳቤ መጣ። እንደተለመደው "ሃጀር ትተርጉም!" ተባለ። የሐኪም ወረቀት ሃጀር፣ ኢንሹራንስ ሃጀር። እትዬ መብራት የፍቺ ወረቀታቸውን ያስነበቡኝ ገና አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው። እኔ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ማን ያጣራል?

ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ጀመርኩ። ሴቶችን ማብቃት፣ የጾታ እኩልነት፣ ምናምን። ጋሼ ጀማነህ አቋረጡኝ።

"ቆይ እስቲ አንቺ ልጅ። ይኼ ጀንደር ጀንደር የሚሉት ነገር... ከጀርባው አይሁዶች ናቸው፣ አይደል?"

ግርጌው ላይ ሚስተር ዊትሎክ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አርባ ዓመት እንደዘመሩ ተጽፏል። አይቼዋለሁ።

ግን አዎ ካልኩ እራቱ ይቀራል። ሰምሀልም ትቀራለች።

ራሴን ነቀነቅኩ። አንዴ ብቻ። ከአፌ ቃል አልወጣም... ውሸት አይባልም አይደል?

አዳራሹ ተንጫጫ። "ብዬ ነበር!" አሉ ጋሼ ጀማነህ። ሁለተኛውን ገጽ ማንም አልጠየቀኝም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ጋሼ ጀማነህ የኮሚኒቲው የስልክ ግሩፕ ላይ ቮይስ ላኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ። "የአይሁድ እጅ... ትዳር ለማፍረስ... በትርጉም ተረጋግጧል!" ትርጉሙ እኔ ነኝ።

እናቴ፣ ኡሚ፣ ካናል ዊንቸስተር ከምትሠራበት መጋዘን ስትመለስ መኪና ውስጥ ሰምታዋለች።

"ያቺ አስተማሪሽ አይሁድ አይደለችም እንዴ?"

"ናት።"

"ታዲያ የእሷ እጅ ምን አደረገሽ?"

ፒዛ ሰጠኝ። ምን ልበላት?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ጋሼ ጀማነህ ደወሉ። "ለሴትዮዋ ንገሪያት። ነገሩ እስኪጣራ አትምጣ። በጨዋ እንግሊዝኛ።"

ደወልኩ። በጨዋ እንግሊዝኛ።

"እንዲህ ያለው ማነው?" አለች።

"ሽማግሌዎቹ።"

"አንቺስ?"

ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁት። አምስት መስመር ኔትወርክ ነበረኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

አልመጣችም። በሩ ጀርባ መስቀያው ባዶ ነው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

ሰምሀል እኛ ቤት መጣች። ቮይሱን ለሚስ ታልያ የተረጎመችላት እሷ ናት። ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ። ሚስ ታልያ እስከ መጨረሻው አዳምጣ "ተረጋግጧል ያለው ማነው?" ብላ ጠየቀቻት። ሰምሀል አልነገረቻትም።

ከዚያ እራቱ ላይ የምታነበውን ወረቀት አወጣች። የፋውንዴሽኑ ቢሮ ነው የጻፈላት። "አባቴ ሴት ልጅ አትማርም ይል ነበር..."

"ሃጀር፣ አባቴ እኮ... እምም... ጸጉሬን የሚሠራልኝ አባቴ ነው። ልክ አይደለም ብዬ ነገርኳቸው። ሰው የሚሰጠው ሲያዝን ነው አሉኝ።"

ሁለተኛውን ገጽ ከቦርሳዬ አወጣሁ። እዚያው ላይ አለ። ንግግሩን የሚያዘጋጀው ቢሮው ነው። ያለ ፈቃድ ቃል አይቀየርም። ክፍሉ ውስጥ ስለ ሴትነት ምን እንደምንማር የሚመርጡትም እነሱ ናቸው።

ሚስተር ዊትሎክ ጎልፍ እየተጫወቱ የእኔን ጭቆና ይጽፉልኛል እንዴ? ጋሼ ጀማነህ ሴት እንዴት እንደምትኖር ሲነግሩኝ ቢያንስ አማርኛቸው ያስቃል።

"ይኼን እሁድ ለት ለምን አላነበብሽውም?"

ገጹን አጥፌ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

"ቀንተሽብኝ ነው።"

"እምም" እንኳን ሳትል ነው ይኼን ያለችው።

እሁድ፣ ኖቬምበር 16

ስብሰባው ላይ ማንም ሳይጠራኝ ተነሳሁ።

"ባለፈው ራሴን የነቀነቅኩት ውሸት ነው" አልኩ። "ሚስተር ዊትሎክ ሜቶዲስት ናቸው። ደብዳቤው ላይ ነበረ።"

"እና አይሁድ አይደሉም?" አሉ ጋሼ ጀማነህ፣ ቅር ብሏቸው።

"አይደሉም። ቢሆኑስ ኖሮ ጋሼ? ያስቸገረን ሃይማኖታቸው ሳይሆን ይኼ ነው።" ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩ። ሰምሀል ፈቅዳልኝ ንግግሯንም አነበብኩ። "ገንዘብ ያለው ሰው ለሴት ልጅ አፍ ይገዛላታል። ለዚህ ሚስ ታልያን ምን አገባት? እሷ የራሳችንን ነው ያጻፈችን።"

ጋሼ ከተማ ወረቀቱን ተቀብለው ስለ ራሳቸው የተጻፈውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። እንግሊዝኛቸው ደህና ነው ለካ። ልጃቸውን ብቻ አዩ።

እትዬ መብራት "ቆይ፣ አንቺ ለምን ዋሸሽ?" አሉ።

"ቀንቼ።"

አንዳንዱ ሳቀ። እትዬ መብራት አልሳቁም። "የእኔንም የፍቺ ወረቀት በትክክል አንብበሽልኝ ይሆን?" አሉ። እንደቀልድ ነው ያሉት... አይመስለኝም።

ለፋውንዴሽኑ ልጆቹ የራሳቸውን ይናገሩ ተብሎ እንዲጻፍ ተወሰነ። ትርጉሙን ሰምሀል ትሥራው አሉ።

ማታ ጋሼ ጀማነህ ማረሚያ ቮይስ ላኩ። ሃያ ሁለት ሴኮንድ። ስድስቱ ሳል ነው። የመጀመሪያውን አሥራ አንድ ደቂቃ ስንት ሰው ፎርዋርድ አደረገው? አትላንታ ያለችው አክስቴ ዛሬ ጠዋት ለእኛ ልካልናለች።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ፋውንዴሽኑ መለሰ። "እናመሰግናለን"፣ ሌላ ኮሚኒቲ ይፈልጋሉ። እራቱ ቀረ። የፈለግኩት ይኼንን አልነበር? እንኳን ልደሰት፣ ምሳዬንም አልበላሁም።

ሚስ ታልያ መጣች። ጋሼ ጀማነህ በሩን ራሳቸው ከፈቱላት። በተለማመዱት እንግሊዝኛ "ሶሪ፣ ማዳም፣ ሶሪ" አሏት። ስልካቸውም ዛሬ አልተቆለፈም።

እኔ ግን ሁሉንም ነገርኳት። ራሴን መነቅነቄን፣ ለምን እንደነቀነቅኩ፣ ኔትወርኩንም። እስክጨርስ ሰማችኝ። "ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" አለች። "ምንም አይደለም" አላለችም።

ኮቷን አልሰቀለችም። እንደለበሰች አስተማረች።

ፒዛው ሲከፈት አንድ ቺዝ አንስታ በሳህን ሰጠችኝ። ለራሷ አልወሰደችም። ስለ ማኅበራችን ልቀልድ ነበር፣ አፌ ላይ ቀረ።

ከዚያ ሰምሀል ተነስታ ስለ አባቷ ተናገረች። አንድ አባት የሴት ልጁን ጸጉር መጀመሪያ ሲጎነጉን ስንት ጊዜ እንደሚያስለቅሳት... "እምም" አሥራ ሰባት ጊዜ፣ ቆጥሬያለሁ። ከሁላችንም በለጠች። ሰምሀልን ስታያት የሚስ ታልያ ፊት ልክ እንደ ድሮው ብሩህ ነው።

ድሮ የቀናሁባት በመድረኩ ነበር። ዛሬ የቀናሁባት በዚያ ፊት ነው። እኔም ነበረኝ እኮ።