ዳይሱ እኔ ጋ ነው

ኤልሳዕ፣

ድሬዳዋ እህቴ ጋ ሄጃለሁ፤ እሑድ እመለሳለሁ። ምስር ወጥ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ውሃ ከመጣ ጀሪካኖቹን ሙላ። የጫታችሁን ገራባም ከምንጣፉ ላይ ጥረግ።

ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ አትፈልገው። እኔ ጋ ነው።

ጢም ያበቀላችሁ ወንዶች በምናብ ተዋጊ ሆናችሁ፣ ዳይስ እየጣላችሁ "ሰይፌ ዘንዶውን አገኘው፣ ስንት ጎዳው?" ስትባባሉ ዝም ያልኩት የወንድምህ የኡራኤል ጨዋታ ስለነበረ ነው። ለእኔ ከሉዶ አይሻልም። ሉዶ እንኳ ቶሎ ያልቃል።

ደንቡን ግን አውቀዋለሁ። ኡራኤል ሲያወጣው አጠገቡ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና አርም ነበር። በውጊያ የወደቀ ተዋጊ ይተርፍ እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ጊዜ ዳይስ ይጣልለታል፤ የሚጥለው ተጫዋቹ በገዛ እጁ ነው፤ ተጫዋቹ ከሌለ ውጊያው ይቆያል። ኡራኤል ሆስፒታል የገባ ዕለት ተዋጊውን እንደወደቀ ትቶት ነው የሄደው።

ትናንት ከጓዳ ሆኜ ሰማኋችሁ። ዐብዱልፈታሕ "ወላሂ ይከብዳል፣ ይቅር" አለህ። አንተ "ለሌለ ሰው እስከ መቼ ተራ እንጠብቃለን?" ብለህ ጣልክለት። ሦስቱንም። ከዚያ "ሞተ፣ ቀጥሉ" አልክ።

እኔ የባሌን ከል ገና አላወለቅሁም።

ዐብዱልፈታሕ ሲወጣ በሩን በላዩ ላይ መወርወሬ ነውር ነበር። ይቅርታ ጠይቃሃለች በለው።
ለአንተ የምለው የለኝም።

የትናንቱ አይቆጠርም። ተዋጊው እንደወደቀ ነው፤ ተጫዋቹም የለም።
ውጊያው ይቆያል።

ገላነሽ