የእትዬ ዘነበች ጥፍር

የሺ፣

መርሳ ሄጃለሁ፣ ለእትዬ ዘነበች ወንድም ለቅሶ። የቤታችንና የጥፍር ሳሎናችን ቁልፍ መስኮቱ ላይ ነው።

እስክመለስ ያን በሙጫ የሚጠነክረውን የዱቄት ጥፍር ለማንም እንዳትሠሪ። ሰው ከመጣ ተራውን ቀለም ቀቢ፤ እሱ ወዲያው ይጠረጋል።

ትናንት እትዬ መርዶ ሰምተው «በቀይ ጥፍር ለቅሶ ቤት ልገባ ነው? አውልቂልኝ» ብለው ሲመጡ እኔ ገበያ ነበርኩ። ዱቄቱ የሚለቀው ጣት ማስለቀቂያው አሴቶን ውስጥ ሩብ ሰዓት ተነክሮ ነው፤ ስንቴ ነገርኩሽ። አንቺ በምላጭ ፋቅሽው። ሁለት ጣታቸው እየደማ ወደ ቀብር ሄዱ።

«ቸኩለው ነው» አልሽኝ። እሳቸውማ ወንድማቸው ሞቶ ነው የቸኮሉት፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?

ዱቄቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። መብራት ቢጠፋም ይደርቃል፣ ሦስት ሳምንት አይላጥም ብዬ ያሳመንኩሽም እኔ። ሙያውን በተማርኩበት አገር ሰው ጥፍሩን ለማስለቀቅ ቀጠሮ ይይዛል። እዚህ መርዶ በድንገት እንደሚመጣ፣ እዚሁ ወልድያ ተወልጄ፣ ረሳሁት። ያዋጣል ወይ ስትዪኝ እንዴታ ብዬሽ ነበር። አሁን እንጃ።

ምላጩን ጥዬዋለሁ፤ አትፈልጊው።

ለሠልስቱ መምጣትሽ አይቀርም። ያንቺም ጥፍር ቀይ ነው።
ሩብ ሰዓት ቁጭ ብለሽ ንከሪው።