መጀመሪያ እንግዳው ይውረዱ

ለክቡር አቶ መርዳሳ ሆራ
የላንጋኖ ትራያትሎን አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ይህ የደብዳቤ ወግ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ እርስዎ በሚመሩት ውድድር ላይ ጤነኛ ሰው በአንድ ጠዋት እንዴት እንደሚያልቅ በዓይኔ ስላየሁ ምኞቴ ከልቤ ነው።

ሚልካ ፈይሳ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ስሆን፣ ከሥራ በፊት ብስክሌት የምነዳ፣ ቅዳሜና እሁድ የምዋኝ፣ በየትኛውም ውድድር ከመጨረሻዎቹ ተርታ የማልጠፋ አማተር ስፖርተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከኮሚቴዎ በደረሰኝ ደብዳቤ፣ ለሁለተኛው ዙር ውድድር በሚታተመው መጽሔት ላይ የሚወጣ «አስተማሪና አዝናኝ ገጠመኝ» እንድጽፍ ጋብዘውኛል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ውድድር ላይ ሐይቁ ውስጥ ሰጥሞ የሞተው ጓደኛዬ ምልኬሳ ስሙ ለዘንድሮው ውድድር መጠሪያ መሆኑን፣ ባለቤቱ የሺዓለምም ለክብር እንግዳው እቅፍ አበባ እንድታበረክት መመረጧን በታላቅ ደስታ አብሥረውኛል። ለዚህ ሁሉ ክብር ዝም ማለት ነውር ስለሆነ ገጠመኜን በግልጽ ደብዳቤ ልኬልዎታለሁ፤ አስተማሪ ለመሆኑ እኔ ዋስ ነኝ፣ ማዝናናቱን ግን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ያህል፣ ትራያትሎን ማለት ሐይቁን ዋኝቶ፣ ከሐይቁ ወጥቶ እስከ ዝዋይ ደርሶ መልስ ብስክሌት ነድቶ፣ ከብስክሌት ወርዶ ደግሞ በአቧራው መንገድ ግማሽ ማራቶን መሮጥ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ ያለ ዕረፍት። እንዲህ ካለው እብደት ውስጥ እኔንና ጓደኛችንን ኤባን የከተተን ምልኬሳ ነበር። አዳማ ላይ ብስክሌት ይጠግን ነበር፤ ጎማ ሊያስነፋ የመጣን ሰው ሁሉ ተወዳዳሪ ካላደረግሁ የሚል ነገረኛ ነበር። ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ዴራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባጃጅና አይሱዙ እየገፉን ስንለማመድ፣ እሱ ዋናን የወደደው በአገራችን አይሱዙ የማይደርስበት ብቸኛ መንገድ ውሃ ስለሆነ ነው እያለ ያስቀን ነበር። ውሃም የራሱ ባለሥልጣን እንዳለው አላወቀም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ እንዳይደባለቅብዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ትዕግሥት ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ውድድሩ ሊጀመር የነበረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ላንጋኖ ገና ተኝቶ ሳለ ነበር። የክብር እንግዳው ግን መቂ ላይ ቁርስ እየበሉ መሆኑን በድምፅ ማጉያ፣ ያውም በኩራት፣ አስነገሩን። እኛም በዋና ልብስ ዳር ላይ ቁጭ ብለን፣ ለብስክሌቱ የያዝነውን ሙዝ እየበላን፣ ፀሐይዋ ስትወጣና ነፋሱ ሲነሣ ተመለከትን። ረፈድ ሲል ላንጋኖ ማዕበል እንደሚያነሣ የሆቴሉ ጥበቃም ያውቃል፤ ለእርስዎም ነግሮዎት ነበር። እርስዎ ግን እንግዳ ሳይመጣ ውድድር እንደማይከፈት በሚገባ አስረዱት። እንግዳው ከደረሱም በኋላ ስለ ስፖርትና ስለ ጤና ረዘም ያለ ንግግር አድርገዋል፤ ይዘቱ ትዝ አይለኝም፣ ፀሐዩ ግን ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ነፍስ አድን ጀልባው አመሰግናለሁ፤ እንዲህ የተዋበ ጀልባ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። በበራሪ ወረቀትዎ ላይ ተወዳዳሪዎችን እንደሚከተል ቃል የተገባልን ያው ጀልባ በጥብጣብና በአበባ አጊጦ፣ የክብር እንግዳውን፣ ባለቤታቸውን፣ ዘመዶቻቸውንና እርስዎን ጭኖ ሐይቁን ለማስጎብኘት ተነሣ። ተንሳፋፊ ሰደርያዎቹም በሙሉ ለእንግዶቹ ታደሉ፤ ይህ አርቆ አሳቢነት ነው፣ ከጀልባው ላይ የሚወድቅ ሰው ከዋናተኛ ይልቅ አደጋ ላይ ነውና። ጀልባው በአንድ በኩል ሲሄድ ምክትልዎ ፊሽካ ነፉልን፣ እኛም በሌላው በኩል ገባን።

ሦስተኛ፣ በዚህኛው ቁጥር ጨዋነቴ ትንሽ ቢጎድል ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ የዋኘበት ሰው የገዛ እጁን አያይም። እኔ ማዕበል እፈራለሁ። ምልኬሳ ይህን ስለሚያውቅ ከፊተኞቹ ጋር መውጣት ሲችል ፍጥነቱን ቀንሶ ከጎኔ ይዋኝ ነበር። መሃል ላይ ስንደርስ እግሩ ተኮማተረበት፤ እየሳቀ ነበር የነገረኝ። ቀጥሎ የመጣው ማዕበል አፉን ሞላው፣ ሳለ፣ ሌላው ደግሞ ደረሰ፣ ከዚያ በኋላ አልሳቀም። በብብቱ ይዤው ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ጮህኩ።

ጀልባ ነጂው ዱጋሳ ሰምቶናል። በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ አይቶን መሪውን ወደ እኛ ማዞር ሲጀምር እርስዎ ትከሻውን ነካ አድርገው፣ እንግዶቹን ይዞ ማዕበል ውስጥ መግባት እንደማይገባ፣ መጀመሪያ እንግዳው እንዲወርዱ፣ ከዚያ በኋላ እንዲመለስ በትሕትና አዘዙት። እሱም ታዘዘ፤ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣው ይህ ነው፣ እርስዎን እንደማይነሣዎት ግን ተስፋ አደርጋለሁ። ጀልባው ዳር ደረሰ። የእንግዳው ባለቤት ጫማ እንዳይረጥብ ሳንቃ ተፈልጎ ተዘረጋ። ፎቶ አንሺው አንድ ጊዜ ስላልረካ እንግዳው ተመልሰው ወጥተው በድጋሚ ወረዱለት። ተጨበጨበ። በዚያን ሰዓት እኔ የምልኬሳን አገጭ ከውሃው በላይ ለመያዝ እየታገልኩ ነበር፣ ክንዴም ከዳኝ። ክቡር ሆይ፣ ጠልቼዎታለሁ፤ ይህንንም የምነግርዎ ከሙሉ አክብሮት ጋር ነው።

ለዘንድሮው ውድድር በላኩልኝ የግብዣ ካርድ ላይ ያችው ፎቶ መውጣቷን አይቻለሁ። እንግዳው እጃቸውን ለእርስዎ ሰጥተው ፈገግ እንዳሉ እየወረዱ ነው። ከጀርባቸው፣ ራቅ ብላ ውሃው ላይ የምትታየው ብርቱካናማ ነጥብ የእኔ የዋና ቆብ ናት። ምልኬሳም ያው ዓይነት ቆብ ነበረው፤ ካርዱን ወደ ብርሃን አስጠግቼ ብፈልግ አላገኘሁትም።

አራተኛ፣ ሥነ ሥርዓቱ ሳይስተጓጎል በመጠናቀቁ አመሰግናለሁ። ዱጋሳ ተመልሶ ሁለታችንንም አወጣን፤ ምልኬሳን ከግራር ዛፍ ሥር አስተኝተን ደረቱን እየተፈራረቅን ስንጫን፣ እርስዎ ለሐዘናችን አስበው ሙዚቃውን ቀነስ አስደርገዋል። እንግዳው ሌላ ስብሰባ ስለነበረባቸውና ተወዳዳሪዎቹ በብስክሌት ገና ቡልቡላን ስላላለፉ ሜዳሊያው ለማን ይሰጥ የሚል ችግር ተነሣ፤ እርስዎ ግን ለችግር የሚበገሩ ሰው አይደሉም። ከሻሸመኔ ለጫጉላ ሽርሽር መጥቶ ዳር ዳሩን ሲዋኝ በነበረና ያን ጊዜ ከውሃ በወጣ ሙሽራ አንገት ላይ ወርቁን አስጠለቁለት። ሰውየው ተወዳዳሪ አለመሆኑን ደጋግሞ ቢናገር ትሑት ነው ተብሎ የባሰ ተጨበጨበለት። የእንግዶቹ መኪኖች ሲሄዱ ሜዳሊያውን ለሆቴሉ ጥበቃ ሰጥቶ፣ መጥቶ ምልኬሳን ተሸክሞ ሚኒባስ ላይ አስጫነን። ያን ቀን እዚያ መድረክ ላይ ከቆሙት ሁሉ ሲያፍር ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ምልኬሳ ሆስፒታል ሳንደርስ ሞተ።

ለኤባ ደግሞ ማንም አልነገረውም። ከፊት ስለነበር ምንም ሳያውቅ ከውሃ ወጥቶ፣ ነፋስ ፊት ለፊት እየመታው ዝዋይ ደርሶ ተመልሶ፣ በዚያ ሐሩር ሩጫውን ጨረሰ። የመጨረሻው መስመር ላይ የጠበቁት ወንበር የሚሰበስቡ አስተናጋጆች ነበሩ። እሱ ግን ዛሬ ምልኬሳን ቀደምኩት ብሎ ተደስቶ፣ በላስቲክ ውሃ ይዞለት አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቀው ጀመር። ሲመሽ አንዲት አስተናጋጅ አዝናለት ነገረችው። የውድድርዎ እውነተኛ ፍጻሜ ይህ ነበር።

አምስተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ መግለጫዎ ነው። በማግስቱ ኮሚቴዎ ምልኬሳ «ደብቆት በኖረው የልብ ሕመም» ሕይወቱ ማለፉን፣ ዝግጅቱም በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን አስታውቋል። እኔ በሙያዬ ደም ሳልወስድ ስለ ማንም ሕመም አንድ ቃል መናገር አልችልም፤ እርስዎ የወይዘሮዋን ጫማ ከውሃ እየጠበቁ የሰው ልብ መመርመር መቻልዎ እጅግ አስደንቆኛል። ያለ ሐኪም ምርመራ ማንም አይመዘገብም ብለው ያስመረመሩን እርስዎ ራስዎ ነበሩ፣ ምልኬሳም ተመርምሮ አልፏል፤ ግን ይህ ዝርዝር ነገር ነው።

ዝርዝር ያልሆነውን ልንገርዎ። ኢተያ ያሉት የምልኬሳ እናት መግለጫዎን አምነዋል፤ በድምፅ ማጉያ የሚናገር ሰው ይዋሻል ብለው አያስቡም። ስለዚህ የሺዓለምን የታመመ ልጄን እያወቅሽ ለምን ውሃ አስገባሽው ብለው፣ ሐዘን ቤት ለቀስተኛ ፊት አስነሥተዋታል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን አይቀበሉም። የሺዓለም ራሷ አንድ ቀን ክሊኒክ ድረስ መጥታ፣ ምናልባት እውነት ታሞ ደብቆኝ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። ባሏን ውሃ ውስጥ ወሰዱባት፤ አብራው የኖረችውን ሰው ግን በወረቀት ነው የወሰዱባት።

ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። ውድድሩ ከመከፈቱ በፊት፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ የምልኬሳ እናት ባሉበት፣ ልጃቸው የልብ ሕመም እንዳልነበረበትና ሲሰጥም ጀልባው እንግዳ እያወረደ እንደነበር ይናገሩ። ያንን ካልቻሉ ስሙን ከውድድሩና ከሚታደለው ካናቴራ ላይ ያንሡልን። አበባውን በተመለከተ የሺዓለም በዕለቱ ትገኛለች፤ ነገር ግን ሁለቱም እጆቿ ባዶ እንዲሆኑላት እንደምትፈልግ እንድነግርዎ አደራ ብላኛለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

በክቡርነትዎ አመራር ሥር ዋኝተው በሕይወት ከወጡት አንዷ በመሆኔ ውለታዎን እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ የማልረሳ፣ ማንም እንዲረሳው የማልፈቅድ፣

አክባሪዎ
ሚልካ ፈይሳ
ከአዳማ

ሳልረሳው፦ ለውድድሩ ዕለት ኤባና እኔ ከዓሣ አጥማጆች አንድ አሮጌ ጀልባ ተውሰናል። የሚነዳው ዱጋሳ ነው፤ የእርስዎን ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። ጥብጣብ የለውም፣ እንግዳም አይጭንም። ሆኖም እርስዎ ምናልባት ውሃ ውስጥ ቢወድቁ፣ ማንም እስኪወርድ ሳንጠብቅ መጥተን ለማውጣት እንሞክራለን። ሳንደርስልዎ ብንቀር እንኳ፣ የልብ ሕመም ነበረባቸው ብለን ባለቤትዎን በእናትዎ ፊት አናስወቅሳቸውም።