የሸፈንኩት ፊት

ቶይባዬ፣ ሳይኮሎጂና የወንጀል ምርመራ መማሬን ታውቂያለሽ። ዩኒቨርሲቲው ለልምምድ የሠራው ቤት አለ፤ ሳሎኑ ወለል ላይ የሬሳ አሻንጉሊት አጋድመዋል። የመጀመሪያ ቀን እንደገባሁ ከሶፋው ላይ ጨርቅ ስቤ ፊቱን ሸፈንኩት። መምህሯ «ሳፋ፣ ማስረጃውን አበላሸሽው!» ብላ ጮኸችብኝ። ምን ላድርግ፣ እናንተ ደጃፍ ላይ መኪና የገጨውን ሰውዬ ፖሊስ ሳይደርስ እናትሽ ነጠላቸውን አልብሰውት የለ? እኔ ያየሁት ይህንኑ ነው። እዚህ ፈረንጅ አገርም ሰው ሲገደል ፖሊሶቹ ሬሳው ላይ ድንኳን ይተክላሉ፤ ግን ሰው እንዳይገባ ነው።

ዛሬ ሲፈትኑን ምንም ሳልሸፍን ሠርቼ አለፍኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ማለፌን ንገሪያቸው፤ ሁሉም ከወጣ በኋላ ተመልሼ ፊቱን እንደሸፈንኩትም ንገሪያቸው።

ሳፋ፣ ከሆሎዌይ