አረንጓዴዋ ላም እና የልጄ ትርፍ አንጀት

ለተከበሩ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤
ካሉበት፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ድምፅዎ የጠራ፣ በተለይም ሆድዎ ሰላም ይሁን እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

እኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ የድምቡሼ አባት ነኝ። ሙያዬ ፀጉር አስተካካይነት ሲሆን፣ የእርስዎንም ጭንቅላት በየወሩ የማስተካክለው እኔው ነኝ፤ ከውጭ በኩል ማለቴ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት፣ ቢሮዎ ብመላለስ ጸሐፊዎ «ጉዳይዎን በስፓኒሽ ያስረዱ» ስላለችኝ ነው። እኔ በስፓኒሽ የማውቀው ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር ብቻ ነው። ቆጠርኩላት። አዳምጣ ስትጨርስ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ፤ በእኛው ቋንቋ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ በዓመቱ መጀመሪያ ወላጆችን ሰብስበው «ልጆቻችሁን ሙሉ ለሙሉ ስፓኒሽ ውስጥ እንነክራቸዋለን፤ ከበሩ ወዲህ ሌላ ቋንቋ አይሰማም» ብለው ስላበሰሩን አመሰግናለሁ። አጠገቤ የነበረችው ባለቤቴ «ልብስ እንኳ ሲዘፈዘፍ ቀለሙን የሚለቀው ተለይቶ ነው» ብላ ብታንሾካሹክ፣ በክርኔ ጎሰም አድርጌ ዝም አሰኘኋት። ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ፤ ልጄ ከእኔ የተሻለ አፍ እንዲኖራት የማልመኝ አባት አይደለሁምና።

ሁለተኛ፦ ትምህርቱ እቤታችን ድረስ እንዲዘልቅ አስበው፣ ተማሪዋ ዩኒፎርም ለብሳ እስካለች ድረስ ቤተሰቡ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ እንዳያናግራት፣ ዩኒፎርሙም እስከ እራት ሰዓት እንዳይወልቅ፣ «በተለይ አያቶች ዋነኛ የቋንቋ ብክለት ምንጭ በመሆናቸው ጥንቃቄ እንዲደረግ» የሚል ማሳሰቢያ ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አብራን የምትኖረው እናቴ በዕድሜዋ ብዙ ስም ወጥቶላታል፤ ብክለት ስትባል ግን የመጀመሪያዋ ነው። ሕግ አክባሪ ናትና ልጅቷን በእጇ ብቻ ማናገር ጀመረች፦ ወደ አፏ ስትጠቁም ብይ፣ ጉንጯን በመዳፏ ስትደግፍ ተኚ ማለት ሆነ። ድምቡሼ ዩኒፎርሟን ስታወልቅ ጠብቃ «አያቴ ለምንድን ነው የተቀየመችኝ?» ብላ ታለቅሳለች። ባለቤቴ በበኩሏ የምታውቀው ስፓኒሽ የቀለም ስም ብቻ ስለሆነ፣ ልጅቷ ባጠፋች ቁጥር በዚያው ቋንቋ «ቀይ! ቀይ! ቢጫ!» እያለች ትጮህባት ነበር። የእሱም ልጅ እርስዎ ዘንድ ስለምትማር ቃላቱ የገቡት ጎረቤታችን፣ ቤት ልንቀባ መስሎት ጥሩ ቀለም ቀቢ ጠቁሞናል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

በዚያች ጠዋት ድምቡሼ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ «ሆዴን» አለች። መምህርቷም በእርስዎ ደንብ መሠረት ጆሮዋን ነክታ፣ እንዳልገባት ራሷን ነቀነቀች፤ ደንቡን ብትጥስ ምን እንደሚጠብቃት አስቀድመው ነግረዋታልና። ልጄ እስከዚያ ቀን የተማረችው የቤት እንስሳትንና ቀለማትን ነው። ሕመም ገና አልተደረሰበትም፤ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይመጣል አሉ። ስለዚህ ያላትን ሁሉ አሰባስባ፣ ጎኗን ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ «ላ ባካ ኤስ ቤርዴ» አለች። ላሟ አረንጓዴ ናት ማለት ነው።

እርስዎ ልክ በዚያን ሰዓት ክፍሉን ለእንግዶች እያስጎበኙ ነበር። መምህርቷ ልጅቷን ይዛ ለመውጣት ስትነሣ በእጅዎ ገቷትና «ድገሚው!» አሉ። ደገመችው። እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል «ስሜቷን እዩልኝ! ቋንቋው እኮ ከሆዷ ነው የሚወጣው!» ብለው ለእንግዶቹ አስረዱ። እውነትዎን ነው፤ ከሆዷ ነበር። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ እርስዎም ደረቷ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ኮከብ ለጠፉላት። ይህን ጊዜ ልጄ ጫማዎ ላይ አስታወከች። አረንጓዴ ነበር አሉ፤ በከፊልም ቢሆን አልዋሸችም። ስለ ጫማው ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መምህርቷ ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀችም። ልጄን አቅፋ ከግቢው ወጣች፤ የደወለችልኝም ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነው። «የድምቡሼ አባት፣ ይሩጡ፣ ልጅዎ ታማለች!» አለችኝ። ግማሽ ጭንቅላቱን የላጨሁትን ደንበኛ እንደተቀመጠ ትቼው ሮጥኩ።

ሆስፒታል ሐኪሟ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አለቻት። ድምቡሼ ዩኒፎርሟን ቁልቁል አየችና «ላ ባካ ኤስ ቤርዴ» አለች። «ከመቼ ጀምሮ?» ስትላትም መልሷ ያው ላሟ ሆነች። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ «ጭንቅላቷን ተመትታ ነበር?» ብትለኝ፣ «የለም፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው» አልኳት። ልጄን ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ እሷ ግን በእኛው ቋንቋ ብትናገር ኮከቡን እንዳይነጥቋት ፈርታ በመዳፏ ሸፈነችው። ልጄ ዓይኔ እያየ በትኩሳት ስትነድ የት እንደሚያማት እንኳ ልትነግረኝ አልቻለችም።

እናቴ ደረሰች። ማንንም ሳታስፈቅድ ዩኒፎርሙን ቁልፍ በቁልፍ ፈትታ አወለቀችላት፣ በአልጋው አንሶላ ሸፈን አደረገቻትና «በይ የኔ እናት፣ አሁን ቤትሽ ነሽ፤ ተናገሪ» አለቻት። ድምቡሼም «እዚህ ጋ አያቴ! ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ጋ ቢላ ያለ ይመስለኛል!» ብላ ጮኸች። ትርፍ አንጀት ነበር። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ይፈነዳ እንደነበር ሐኪሟ ኋላ ነገረችኝ። ዛሬ ልጄ ድናለች፤ ጠባሳዋን ለሰፈር ልጆች ስታሳይ ትውላለች።

አራተኛ፦ ገና ከአልጋ ሳትነሣ «በስሜት የተሞላ ንግግር» በሚል ዘርፍ የምስክር ወረቀት ስለላኩላት አመሰግናለሁ። ሐኪሟ ከምርመራው ውጤት ጋር ላያይዘው ወይ ብላ ጠይቃኛለች።

አምስተኛ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ይህኛውን ግን ምስጋና ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። መምህርቷ ልጄን ልትጠይቅ መጥታ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ «ሰምቼሽ ነበር እኮ፤ እንዳልሰማ ሆንኩ፤ ይቅር በይኝ ልጄ» አለቻት። ድምቡሼም «ምንም አይደል መምህር፤ ግን ሆድ በስፓኒሽ ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀቻት፤ ያንኑም ቃል ተምራ ተኛች። እርስዎ ይህን በሰሙ ማግስት መምህርቷን «ከተማሪ ጋር ባልተፈቀደ ቋንቋ በመነጋገር» ጥፋት ከሥራ አሰናበቷት። በዚህ ጉዳይ ካጠፋነው ሁሉ ልጄን ይቅርታ የጠየቀች እሷ ብቻ ናት፤ የተቀጣችም እሷ ብቻ።

ስፓኒሽ ምንም አልበደለንም። ልጄ ዛሬም ገላዋን ስትታጠብ በስፓኒሽ ታዜማለች፤ ደስ ይለኛል። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ መምህርቷን ወደ ክፍሏ ይመልሱልን። ድምቡሼ ያለ እሷ አልሄድም ብላለች፤ አያቷም ደግፋታለች፤ በምልክት ሳይሆን በቃል። እስከዚያው ድረስ ፀጉርዎን ለመስተካከል ሲመጡ የሚፈልጉትን ቁርጥ በስፓኒሽ ብቻ ቢያስረዱኝ፣ በገባኝ መጠን እቆርጣለሁ።

ቢታጠብ ከማይለቅ አክብሮት ጋር፣ ጎንበስ ቀና እያልኩ የምሰናበትዎት፣
ትሑት ፀጉር አስተካካይዎ፣
የድምቡሼ አባት

ሳልጽፈው የቀረ፦ ባለፈው ቅዳሜ «እዚህ ስፓኒሽ ብቻ» የሚለውን አዲስ ሰሌዳ በገዛ እጅዎ ሊሰቅሉ ወጥተው መሰላሉ ሲንሸራተትብዎ፣ «ኧረ እናቴ ድረሽልኝ!» ብለው ሲጮኹ መንገዱ በሙሉ ሰምቷል። እንዲህ ጥርት ያለ አነጋገር ከእርስዎ ሰምቼ አላውቅም። እንደ ደንብዎ ቢሆን ጆሮዬን ነክቼ፣ ራሴን ነቅንቄ ማለፍ ነበረብኝ፤ ግን ገባኝና ሮጬ አነሣሁዎት።