ያልማሉባት ማሳ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ፣ ሰሃላ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ዳገቱን ወጥተው ቅዳሴ ሲቆሙ አሁንም ያምዎታል ወይ? የእናቴስ ዓይን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ልቤ ግን ተቆጥቷል፤ የተቆጣውም በእርስዎ ነው። ይቅር ይበሉኝና ደብዳቤዬን ሳይጨርሱ እንዳያጥፉት።

ዲያቆን ይርዳው መልእክትዎን አድርሶኛል። «ልጄ፣ ያሉሽን በዪና እንጀራሽን ብዪ፤ ቃል ምን ይከብዳል» ብለዋል አለኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጠየቅሁት። እውነት ይህ ከእርስዎ አፍ ወጣ?

ነገሩን ከወሬ ስለሰሙት አሁን ከእኔ ይስሙት። አዲሱ ርዕሰ መምህራችን አቶ ደግሰው፣ ባንዲራ ከተሰቀለና መዝሙር ከተዘመረ በኋላ፣ ልጆቹ በየጠዋቱ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ለሀገራቸው እንዲምሉ አደረጉ። መሐላው «ሕይወቴን ልሰጥ እምላለሁ» ይላል። የምናስምላቸው እኛ መምህራን ነን። የእኔዎቹ አራተኛ ክፍል ናቸው፤ ጫማቸውን በቅጡ ማሰር ያቃታቸው አሉ። መጀመሪያ እኔም አስምያቸዋለሁ፤ አልዋሽዎትም።

አንድ ቀን ዮርዳኖስ የምትባል ተማሪዬ የጓደኛዋን እስክሪብቶ ደበቀች። ስጠይቃት ቀኝ እጇን ብድግ አድርጋ «በጠዋቱ መሐላ፣ እስክሪብቶዋን አልወሰድኩም!» አለችኝ። እስክሪብቶው ከካልሲዋ ውስጥ ወጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ብይ ሲጫወቱም፣ የቤት ሥራ ሳይሠሩ ሲመጡም በእሱ ነው የሚምሉት። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው፤ መሐላን ያረከስኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ መዝሙሩን ከሁሉም በላይ ጮኼ ዘመርኩ፤ እጄን ግን አላነሳሁም፣ ክፍሌንም አላስማልኩም።

አቶ ደግሰው ክፉ ሰው አይደሉም። ከተፈናቃዮች መጠለያ የመጡት ልጆች ሀገራቸውን እንዳይጠሉ ብለው ነው። ነገር ግን «ሀገርሽን አትወጂም ማለት ነው?» ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ከአበርገሌ ለተፈናቀሉት ልጆች፣ ሰሌዳ ጠፍቶ በካርቶን ላይ እየጻፍኩ፣ ድንኳን ውስጥ ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ። ያኔ መሐላ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን እስከ ሰኞ ካላስማልሽ ከክፍል ወጥተሽ ንብረት ክፍል ትቀመጫለሽ ብለውኛል። ልጆቼን ሊነጥቁኝ ነው። እንደዚያም ሆኖ አላስምልም።

አባቴ፣ ከወንዙ ማዶ ያለችውን ማሳ ረሷት? የማሳዋን ክርክር የዳኙት ሽማግሌዎች «የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዘው ይማሉና የእርስዎ ትሁን» ሲሉዎት፣ የአያቴ መሆኗን አገር እያወቀ፣ «ለአፈር ብዬ የእግዚአብሔርን በር አልይዝም» ብለው ትተዋት መጡ። አሥር ዓመቴ ነበር። በዚያ ክረምት ስንት ቀን ቆሎ ቅመን አደርን! ሳምንት ሙሉ ኮርፌ አላናገርኩዎትም። ለዚያ ኩርፊያዬ ዛሬ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ስለ ሰኞ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

ለእናቴ ለአመተ ማርያም ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ አታልቅስ። እህቴ ምስራቅ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፤ ካቋረጠች እኔ ራሴ መጥቼ እጎትታታለሁ። ወንድሜ ደጅይጥኑ ጢም አበቀለ አሉኝ፤ በእኔ ስም ደህና አድርገው ይሳቁበት።

ሊመክሩኝ ወደ ሰቆጣ ሊወጡ እንዳሰቡም ይርዳው ነግሮኛል። ይምጡ፤ ቤቴ ቤትዎ ነው፣ እግርዎን አጥባለሁ። መንገድዎ በዚያች ማሳ ዳር ነው። አሁን የሰው ማሽላ ቆሞባታል። እዚያ ሲደርሱ ትንሽ ይቁሙና ይዩት። ከዚያም በኋላ «አስምዪ» የሚሉኝ ከሆነ፣ በሰው አይላኩብኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያዩ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ጥሩሐረግ
ሰቆጣ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.