ለርዕሰ መምህርታችን ስለተደረገላቸው ድጋፍ የቀረበ ምስጋና

ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሸዋ ቤንች አካባቢ

ለርዕሳነ መምህራን ድጋፍና ጥብቅና ጽሕፈት ቤት
ባላችሁበት

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእናንተና ለቤተሰባችሁ ጤና፣ ለመኪናችሁም ጎማ ደኅንነት እመኛለሁ፤ በዚህ ጭቃ እኛ ዘንድ ደርሶ መመለስ ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁና።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ የሚገባኝ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው፤ ትምህርቴን ሁለት ጊዜ አቋርጬ ገና ስምንተኛ ክፍል ነኝ፤ መምህር ስሜን ሲጠሩ እንኳን አቤት የምለው ዴስኬን እያየሁ ነው። ነገር ግን በትምህርት ቤታችን በር ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ማንኛውም ነዋሪ አስተያየት መስጠት ይችላል ስለሚል፣ እኔም ነዋሪ ሳልሆን አልቀርም ብዬ ደፈርኩ።

ማስታወቂያው እንደሚለው ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በርዕሰ መምህርታችን በወይዘሮ ዓለምሸት ጉዳይ ስብሰባ ይደረጋል። ትምህርት ቤቱን ዘግተው ተማሪ በትነዋል የሚለው ክስ ታይቶ ከኃላፊነታቸው መነሣት አለመነሣታቸው እዚያው ይወሰናል። በስብሰባው ላይ ለእሳቸው ጥብቅና የሚቆሙት የጽሕፈት ቤታችሁ ባለሙያ አቶ ይትባረክ ናቸው። ክሱን የጻፉትም አቶ ይትባረክ ናቸው። ከሳሽና ተከራካሪ በአንድ መኪና፣ እንዲያውም በአንድ ወንበር እንዲመጡ በማድረጋችሁ ለቆጠባችሁት ነዳጅ በመላው ነዋሪ ስም አመሰግናለሁ። እኛ ዘንድ ጦጣን ለበቆሎ ዘበኛ አድርጎ የቀጠረ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም፤ ለካ አሠራሩን ስላላወቅን ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በእኛ አገር ቡናው ሲቀላ ትምህርት ቤት ባዶ ይሆናል። እሸት ቡና የተለቀመ ዕለት መፈልፈያ ካልደረሰ ስለሚበላሽ፣ ልጅ ያለው ሁሉ ጠዋት ልጁን ይዞ ቡናው ውስጥ ይገባል። ከወይዘሮ ዓለምሸት በፊት የነበሩት ርዕሰ መምህር በዚህ ወቅት መምህራኑን ከባዶ ዴስክ ፊት አስቀምጠው፣ ተማሪው ሁሉ ተገኝቷል የሚል ሪፖርት ይልኩላችሁ ነበር፤ እናንተም የምስጋና ወረቀት ሰጣችኋቸው። እኔ ሁለቱንም ጊዜ ያቋረጥኩት በእንዲህ ያለ ወቅት ነው። ለቀማው አልቆ ስመለስ ትምህርቱ አልፎኝ ስለነበር አፍሬ ቤቴ ቀረሁ፤ በእናንተ መዝገብ ግን ተገኝቻለሁ።

ወይዘሮ ዓለምሸት የለቀማውን ወቅት ትምህርት ወደ ከሰዓት አዞሩት። ጠዋት እንለቅማለን፤ ከምሳ በኋላ ዓይናችን ሰሌዳውን ማየት እስኪሳነው ድረስ እንማራለን። ወላጆች መጀመሪያ እሺ አላሉም ነበር፤ ልጅ ደክሞት መጥቶ ምን ይማራል፣ እሸቱንስ ማን ይሸከማል ብለው። ያን ጊዜ ርዕሰ መምህርታችን ወገባቸው ላይ ቅርጫት አስረው ከማሳ ማሳ እየዞሩ አብረው እየለቀሙ ለመኑ። እኛ ቡና የደረሱ ዕለት እናቴ እስከ ቀትር ካየቻቸው በኋላ፣ «አንቺ ማርዋ፣ ተነሽና ተከተያቸው፤ እኚህ ሴትዮ አረንጓዴውንም ቀዩንም እየቀጠፉ ቡናዬን ሊጨርሱት ነው፤ አንቺን ካልሰጠኋቸው አይሄዱልኝም» አለች። እሳቸውም እየሳቁ፣ «ነገም እመጣለሁ፤ እንዳትሸሽጊያት» አሏት። ያን ጊዜ እናቴም ሳቀች፤ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ቀርቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. አቶ ይትባረክ ርዕሰ መምህርታችንን ሊደግፉ ሲመጡ ጠዋትን ስለመረጡ አመሰግናለሁ። ያን ዕለት ትኩሳት ይዞኝ ከለቀማ ቀርቼ፣ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የከሰዓቱን ትምህርት እየጠበቅኩ ስለነበር በመስኮቱ ሁሉንም አይቻለሁ፤ ሰምቻለሁም። ዘበኛችን ጋሽ ወልደጻድቅ፣ «ጌታዬ፣ ተማሪው የሚገባው ከሰዓት ነው፤ ርዕሰ መምህርቷም ማሳ ለማሳ ወላጅ እያነጋገሩ ነው፤ እስኪመጡ ሻይ ልጋብዝዎት» ቢሏቸው፣ ከሰዓት ሌላ ትምህርት ቤት የሚደግፉት እንዳለ ነግረው ባዶውን ክፍል በስልካቸው ፎቶ አነሡ። ስድስተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ፍየል ገብታ ነበር። አስወጧት የሚሉ ይኖራሉ፤ አላስወጧትም። ፊቷን ወደ እሳቸው እስክታዞር በትዕግሥት ጠብቀው አነሧት። በነገው ስብሰባ ከክሱ ጋር የሚቀርበው ፎቶ ይህ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ፍየሏ የጋሽ ወልደጻድቅ ስለሆነች መልኳን ሁላችንም እናውቀዋለን።

2ኛ. ባለፈው ክረምት ነፋስ የሰባተኛ ክፍልን ቆርቆሮ በገነጠለ ጊዜ፣ ርዕሰ መምህርታችን እንድትደግፏቸው ደጋግመው ጠየቁ። እናንተም «ከርዕሳነ መምህራን ጎን ነን!» የሚል ረጅም የፕላስቲክ ባነር ላካችሁላቸው። ባነሩ ጠንካራ ነው። ቀዳዳው ላይ ወጥረን ስላሰርነው ዝናቡ ቆሟል፤ ከጎናችን ብቻ ሳይሆን ከበላያችንም በመሆናችሁ ሰባተኛ ክፍሎች ያመሰግኗችኋል።

3ኛ. ይህኛው ምስጋና አይደለም። ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ከአቶ ይትባረክ ጋር ከመኪናው የወረዱ አንድ ሰው ነበሩ፤ ማንነታቸውን የነገረን የለም። ክፍሎቹን አላዩም። በቀጥታ ወርደው በግቢው ውስጥ ወዳለው የርዕሰ መምህር መኖሪያ ሄዱና ዙሪያውን ዞሩ፤ ጋሽ ወልደጻድቅንም፣ «ጣሪያው ያፈስሳል? ውኃ በቀን ነው ወይስ በማታ የሚመጣው?» ብለው ጠየቋቸው። ጋሽ ወልደጻድቅ፣ «ቤቱ ሰው አለበት ጌታዬ፤ ርዕሰ መምህርቷ ሲመጡ ይጠይቋቸው» ሲሏቸው፣ አቶ ይትባረክ ሳቅ ብለው የሰውየውን ትከሻ መታ አደረጉ። እናቴ ዝም የምትል ልጅ ክፉ ታስባለች ትለኛለች፤ ምናልባት እውነቷን ይሆናል። ነገር ግን ሊያድርበት ካላሰበ በቀር የሰው ቤት ጣሪያ ማፍሰሱ ማንን ያሳስበዋል? ይህ የሆነው ክሱ ከመጻፉ በፊት መሆኑንም በትሕትና አስታውሳለሁ።

4ኛ. ስብሰባውን ጠዋት ስላደረጋችሁት። ወላጅ ሁሉ ቡናው ውስጥ፣ ተማሪ ሁሉ ከወላጁ ጋር በሚሆንበት ሰዓት ማንኛውም ነዋሪ አስተያየት እንዲሰጥ መጋበዝ ብዙ ያሰበ ሰው ሥራ ነው። በአጋጣሚ ነው እንዳልል፣ ከሰዓት እንደምንገባ ጋሽ ወልደጻድቅ ነግረዋችኋል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ እኔ የጥብቅና ትምህርት የለኝም። ነገር ግን ለሰው ጥብቅና የሚቆም አስቀድሞ ያንን ሰው የሚጠይቅ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ብትመጡ፣ የኋላ ዴስክ ላይ ብትቀመጡ፣ እጁ በእሸት ቡና ጭማቂ የጠቆረ ልጅ ሁሉ ሰሌዳው ላይ ሲሠራ ታዩ ነበር። ርዕሰ መምህርታችን ነገ ከተነሡ የከሰዓቱ ትምህርት አብሯቸው ይነሣል፤ በሰኔ የምጠብቀው የስምንተኛ ክፍል ፈተናም ለእኔ አብሮ ይነሣል። ሦስተኛ ጊዜ ካቋረጥኩ ዳግም መመለስ እንደሌለ ቤታችን ውስጥ ማንም አይናገረውም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ የአባቴ ወዳጅም ልጁን ሊድር እንዳሰበ ሲያወሳ ዓይኑን ወደ እኔ ይጥላል። እንግዲህ የምትደግፉት አንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን እወቁልኝ።

ድጋፋችሁ እንዳይከብደን እየጸለይኩ፣ ፊታችሁ ቆሜ እንደምናገር ሁሉ አንገቴን ደፍቼ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከትንሽ ጥርጣሬ ጋር የምሰናበታችሁ፣

ማርዋ ሸምሱ
የስምንተኛ ክፍል ተማሪ (የከሰዓት)

ግልባጭ፦
ከማስታወቂያችሁ ሥር፣ ለሚያነብ ሁሉ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ድጋፋችሁ ወደ ቱም ከተማ ትምህርት ቤቶችም ሊሻገር ነው ሲባል ሰማሁ። እባካችሁ እዚያ ላሉት ርዕሳነ መምህራን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ዕቃ ለመሸከፍ ጊዜ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ነገ ከለቀማ እንደምቀር ለእናቴ ነግሬያታለሁ። «የቀላው ይረግፋል» አለችኝ። ይረግፋል አልኳት። ከዚያም «እንግዲያው ብቻሽን አትሄጂም፤ ጎረቤቶቹንም እኔ እጠራለሁ» አለች። ነገ ከሦስት ሰዓት በፊት መጥቼ ፊተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ አቶ ይትባረክ ስለ ወይዘሮ ዓለምሸት መናገር ሲጀምሩ እጄን አወጣለሁ፤ ዕድል ባይሰጠኝም እነሣለሁ። ድምፄ ቀጭን ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ሁላችሁም ዝም እንድትሉልኝ ከወዲሁ በትሕትና እለምናለሁ።